ነፃ ሶፍትዌር የተዘጋ አካል ሲሸከም፦ የፈቃድ ጉዳይ ለተገልጋዩ ምን ትርጉም አለው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ተቋርጧል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና ብዙ ማገልገል የሚችሉ ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ሥርዓት መሸጋገር አልቻሉም። በግለሰቦች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በአነስተኛ ድርጅቶችና በኢንተርኔት ካፌዎች ፊት የተደቀኑት አማራጮችም ጥቂት ናቸው፤ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት፣ ጥበቃው በተቋረጠ ሥርዓት መቀጠል፣ ወይም ሊኑክስን ወደመሰለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት መሸጋገር።

ሦስተኛውን አማራጭ መንግሥታትም እየመረጡት ነው። የጀርመኗ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ክልል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈችው ውሳኔ፣ 30,000 ገደማ የሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ኮምፒውተሮች ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬኦፊስ፣ በሂደትም ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እንዲሸጋገሩ ወስናለች።

ሆኖም ወደ ክፍት ምንጭ ሥርዓት የሚሸጋገር ማንኛውም ተጠቃሚ ሳይውል ሳያድር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሶፍትዌሩ ነፃ ሆኖ ሳለ ዋይፋዩ ለምን አልሠራም? በቢሮ የተሰጠው ቅጽ ለምን ተዛብቶ ተከፈተ? የጎደለውን ፎንት ለማግኘት ለምን ሌላ የውል ስምምነት መቀበል አስፈለገ? የእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ የሚገኘው በቴክኒክ ብልሽት ውስጥ ሳይሆን በቅጂ መብት ሕግና በሶፍትዌር አሸጋሸግ ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በቅጂ መብት የተጠበቁና የተዘጉ አካላትን ሲፈልግ ምን እንደሚፈጠር፣ ጉዳዩ በተለያዩ ጊዜያት እንዴት እንደተፈታና ለተገልጋዩ ምን ትርጉም እንዳለው መተንተን ነው።

መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይህንኑ ጥበቃ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድን ፕሮግራም ማባዛት፣ መለወጥና ለሌሎች ማሰራጨት በመርህ ደረጃ የመብቱ ባለቤት ሥልጣን ነው። ሌላው ሰው እነዚህን ተግባራት ማከናወን የሚችለው ሕጉ በፈቀደው ልክ ወይም ባለቤቱ በሰጠው ፈቃድ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነጥብ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም የቅጂ መብት ያለው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ በሰጠው ፈቃድ ላይ ነው። ክፍት ምንጭ ፈቃድ ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ እንዲጠቀም፣ የምንጭ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና እንዲያሰራጭ አስቀድሞ ይፈቅዳል። በምትኩም ግዴታ ሊጥል ይችላል። ለምሳሌ ጂፒኤል በሚል አጽሕሮት የሚታወቀው ፈቃድ፣ ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው የሠራውን ማሻሻያ በዚያው ፈቃድ ሥር ከነምንጭ ኮዱ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ዝግ ሶፍትዌር በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው፤ ምንጭ ኮዱ አይታይም፣ ማሻሻልም ሆነ ማሰራጨት አይፈቀድም። በገንዘብ የማይሸጥ ዝግ ሶፍትዌርም አለ። በመሆኑም «ያለ ክፍያ የሚገኝ» እና «ክፍት ምንጭ» የሚሉት አገላለጾች አንድ አይደሉም።

ሌላው ቃል «ፓኬጅ» ነው። ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም ከነመጫኛ መመሪያውና ከሚያስፈልጉት ሌሎች ክፍሎች ዝርዝር ጋር ለተጠቃሚው እንዲደርስ የተዘጋጀ ጥቅል ነው። ዘመናዊ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ፎንት፣ የድምፅና የምስል መፍቻ፣ የዳታቤዝ ማገናኛ፣ የሃርድዌር ማንቀሳቀሻ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ዝግ ፈቃድ ካለው፣ ዋናው ፕሮግራም ክፍት ቢሆንም ጥቅሉ በሙሉ እንደ ልብ ሊባዛና ሊሰራጭ አይችልም። የአንድ ጥቅል ነፃነት የሚለካው በውስጡ ባለው እጅግ ጥብቅ ፈቃድ ነው።

የዴቢያን አሠራር፦ ለይቶ ማስቀመጥ

ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ በጥንቃቄ ከያዙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያን ፕሮጀክት አንዱ ነው። ዴቢያን በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የሊኑክስ ሥርዓት ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው ኡቡንቱም የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1997 «ማኅበራዊ ውል» የተሰኘ ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ ሥርዓቱ ምንጊዜም ነፃ ሆኖ እንደሚቆይ ለተጠቃሚዎች ቃል የሚገባ ሲሆን፣ አንድ ሶፍትዌር ነፃ የሚባልባቸውን መመዘኛዎችም አካትቷል። መመዘኛዎቹ በቀጣዩ ዓመት ለወጣው የ«ክፍት ምንጭ» ዓለም አቀፍ ትርጓሜ መነሻ ሆነዋል።

በዚህ መሠረት የዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻ በክፍሎች የተደራጀ ነው። «ሜይን» የተባለው ዋናው ክፍል ራሱም ነፃ የሆነ፣ የሚፈልጋቸው አካላትም ነፃ የሆኑ ሶፍትዌር የሚቀመጥበት ነው። «ነን-ፍሪ» የሚባለው መመዘኛውን የማያሟሉ፣ ነገር ግን ለማሰራጨት የተፈቀዱ ጥቅሎች የሚገኙበት ነው። በሁለቱ መካከል «ኮንትሪብ» የሚባል ሦስተኛ ክፍል አለ። በዚህ ውስጥ የሚገቡት ራሳቸው ነፃ ሆነው፣ ለመሥራት ግን ነፃ ያልሆነ ነገር የሚሹ ፕሮግራሞች ናቸው። የዚህ አደረጃጀት ፋይዳ ተጠቃሚው ከየትኛው ክፍል እንደወሰደ በማየት ብቻ ምን ዓይነት ግዴታ ውስጥ እንደገባ ማወቅ መቻሉ ነው።

አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ጉዳዩን ያብራራል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሪያል፣ ታይምስ ኒው ሮማንና ቨርዳናን የመሳሰሉ ፎንቶችን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ አቅርቦቱን ከድረ ገጹ አነሳ። ፈቃዱ ፎንቶቹን በመጀመሪያ እሽጋቸው እንዳሉ ማሰራጨትን ይፈቅዳል፤ ፈትቶ ወይም ቀይሮ በሌላ ጥቅል ውስጥ ማሰራጨትን ግን አይፈቅድም። ስለሆነም የሊኑክስ አዘጋጆች ፎንቶቹን በራሳቸው ጥቅል ውስጥ ማስገባት አልቻሉም። የተገኘው መፍትሔ ፎንት የሌለበት «ጫኚ» ብቻ ማዘጋጀት ነበር። ጫኚው ራሱ ነፃ በመሆኑ በ«ኮንትሪብ» ይቀመጣል። ተጠቃሚው ሲያስጀምረው የፈቃዱን ውል አሳይቶ ስምምነቱን ይጠይቃል፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን እሽጎች ከኢንተርኔት አውርዶ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይፈታቸዋል። የማባዛቱ ተግባር ከአሰራጩ ወደ ተጠቃሚው ተሸጋገረ ማለት ነው።

ይህ መፍትሔ ሕጋዊ ቢሆንም ዋጋ አለው። ኢንተርኔት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ስፍራ ጫኚው ሥራውን አይጨርስም። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ድረ ገጽ ቢዘጋም ጥቅሉ ባዶ ይሆናል። በአንድ ፍላሽ ብዙ ኮምፒውተሮችን ለመጫን የሚሻ ትምህርት ቤት «ሁሉም ነገር ተጠናቋል» ብሎ ካሰበ በኋላ ፎንቶቹ እንደሌሉ የሚረዳው ኮምፒውተሮቹ ሥራ ሲጀምሩ ነው።

የ2022 ድምፅ አሰጣጥ፦ መርህና አገልግሎት ሲጋጩ

ለይቶ የማስቀመጥ አሠራር ትልቁን ፈተና ያገኘው በፈርምዌር ነው። ፈርምዌር የዋይፋይ ካርድን፣ የምስል ካርድንና የድምፅ ካርድን የመሰሉ ክፍሎች ከመሥራታቸው በፊት የሚጫንላቸው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። አብዛኛው በአምራቹ የተዘጋ ሲሆን፣ ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ አይቀርብም። ዴቢያን በመርሁ ጸንቶ ለብዙ ዓመታት ዝግ ፈርምዌርን ከኦፊሴላዊ መጫኛው ውጭ አድርጎ ቆይቷል።

ውጤቱ ለተራ ተጠቃሚ ከባድ ነበር። አዳዲስ ላፕቶፖች የኬብል ኔትወርክ መሰኪያ እያጡ ሲመጡ፣ ያለ ፈርምዌር ዋይፋይ አይሠራም፤ ያለ ዋይፋይ ደግሞ ፈርምዌሩን ማውረድ አይቻልም። በአንዳንድ ላፕቶፖች የድምፅ ካርዱም ፈርምዌር ስለሚፈልግ፣ መጫኛውን በድምፅ ንባብ የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን ሥርዓቱን ያለ ሌላ ሰው እገዛ መጫን አልቻሉም። ፈርምዌሩን የያዘ ኦፊሴላዊ ያልሆነ መጫኛ ጎን ለጎን ቢዘጋጅም፣ አዲስ ተጠቃሚ መኖሩን ለማወቅም ሆነ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገር ነበር።

በፕሮጀክቱ አባላት መካከል የተነሣው ክርክር የሁለት ወገን እውነት ነበረው። አንደኛው ወገን፣ ዝግ ፈርምዌር በኦፊሴላዊ መጫኛ ውስጥ ከገባ ለሕዝብ የተገባው ቃል ይሸረሸራል፤ አምራቾችም ኮዳቸውን ለመክፈት የሚገፋፋቸው ምክንያት ይቀንሳል ይላል። ሌላኛው ወገን፣ መርሁ ተጠቃሚውን ከነጭራሹ ከደጅ የሚመልስ ከሆነ ያ ሰው ወደ ሙሉ በሙሉ ዝግ ሥርዓት ይመለሳል፤ ነፃነትም ሳያገኝ ይቀራል ሲል ይከራከራል።

እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ በተካሄደው አጠቃላይ ድምፅ አሰጣጥ፣ ዝግ ፈርምዌርን የያዘ አንድ ኦፊሴላዊ መጫኛ እንዲዘጋጅና ማኅበራዊ ውሉም በዚሁ መሠረት እንዲሻሻል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። ለፈርምዌር ብቻ የተለየ ክፍል በማከማቻው ውስጥ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይህን ውሳኔ ተግባራዊ አድርጓል። መጫኛው ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ፈርምዌር ራሱ ለይቶ ይጭናል፤ ምን እንደተጫነ ለተጠቃሚው ያሳውቃል፤ የማይፈልግ ሰውም አገልግሎቱን የሚያጠፋበት አማራጭ ተቀምጧል።

ከዚህ ሂደት ለሕዝብ አገልግሎት የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ዝግ አካል ግድ ሲሆን መፍትሔው መኖሩን መካድም ሆነ በዝምታ ማስገባት አይደለም። አካሉ ተለይቶ መታወቅ፣ ተጠቃሚው መረጃ ማግኘትና ምርጫውም በእጁ መቆየት ይኖርበታል።

የጃቫ ታሪክ፦ ዝግ አካልን መተካት

ዝግ አካል ለዘለዓለም ዝግ ሆኖ ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ጃቫ የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ ያስረዳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች በጃቫ ተጽፈው ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሞቹን የሚያስኬደው የሰን ማይክሮሲስተምስ ሶፍትዌር ዝግ ነበር። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ሁኔታውን «የጃቫ ወጥመድ» ብሎታል። ፕሮግራሙ በራሱ ነፃ ቢሆንም የቆመበት መሠረት ዝግ በመሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ በሆነ ሥርዓት ላይ ሊሠራ እንደማይችል ያሳሰበበት ነው።

ሰን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ጃቫን በጂፒኤል ፈቃድ እንደሚለቅ አስታወቀ፤ በሜይ 2007 ደግሞ አብዛኛውን ኮድ ኦፕንጄዲኬ በሚል ስም ለቀቀ። ነገር ግን ሁሉንም መልቀቅ አልቻለም። ፊደላትን በስክሪን ላይ የሚስለው፣ ቀለምን የሚያስተዳድረውና ድምፅን የሚያቀናብረው ክፍል ውስጥ የሌሎች ባለመብቶች ኮድ ስለነበረ፣ ሰን የራሱ ያልሆነውን መብት ለሕዝብ ማስተላለፍ አልቻለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በሬድ ሃት ኩባንያ አስተባባሪነት አይስድቲ የተባለ ፕሮጀክት በዚያው ዓመት ተጀመረ። ዝግ ክፍሎቹ በነፃ አካላት አንድ በአንድ ተተኩ። በ2008 በፌዶራ ሥርዓት ላይ የተዘጋጀው ጥቅል የጃቫን ይፋዊ የተኳኋኝነት ፈተና አለፈ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ተገልጋይ ሩቅ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃን ለመሰብሰብና ለመተንተን የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የተጻፈውም በጃቫ ነው። ዛሬ ከዋናው ፕሮግራም አንሥቶ እስከሚያስኬደው መሠረት ድረስ ክፍት ሊሆን የቻለው በነዚያ ዓመታት በተከናወነው የመተካት ሥራ ምክንያት ነው። የመረጃ ሥርዓቱን የሚያስተዳድር ተቋም ለእያንዳንዱ አካል የተለየ የፈቃድ ድርድር ማድረግ አያስፈልገውም።

የግዕዝ ፊደል ፎንቶችና የቢሮ ቅጾች

የፈቃድ ጉዳይ ለአማርኛ ተጠቃሚ በየዕለቱ የሚታየው በፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ መለያ አግኝቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፊደል አቀማመጥ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያለዚያው ፎንት ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ይሆናል። ፎንቱ ደግሞ በክፍያ የሚገኝና የማይሰራጭ ከሆነ፣ ባለጉዳዩ የራሱን ሰነድ ለማንበብ የሌላ ወገን ፈቃድ ጠባቂ ይሆናል። በዚህ አኳኋን የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጡ በስተቀር፣ ፎንቱ የጠፋ ዕለት ይዘታቸውም አብሮ ከእጅ የመውጣት አደጋ አለበት።

በዩኒኮድ የተጻፉ ሰነዶች ይህ ችግር የለባቸውም። ያም ሆኖ የገጽ አቀማመጥ ጉዳይ ይቀራል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የቀረበው «ኒያላ» ፎንት ለብዙ የአማርኛ ሰነዶች የተለመደ ቢሆንም፣ ፈቃዱ ከዊንዶውስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በሊኑክስ ጥቅሎች ውስጥ አይካተትም። በኒያላ የተዘጋጀ ቅጽ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ በሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካል። ይነበባል፤ ነገር ግን የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ ሠንጠረዦች ይገፋሉ፣ መስመሮች ይሰበራሉ፣ በአንድ ገጽ የነበረው ቅጽ ወደ ሁለት ገጽ ይዘልቃል። ባለጉዳዩም የፊርማና የማኅተም ቦታው ያለ አግባብ የተዛወረ ቅጽ ይዞ በመስኮት ፊት ይቆማል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ውጤቱን የሚሸከመው ግን እርሱ ነው።

ለዚህ አማራጭ አለ። በኤስአይኤል ኢንተርናሽናል የተዘጋጀው «አቢሲኒካ» እና በጉግል የቀረቡት «ኖቶ» የግዕዝ ፎንቶች ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለው ክፍት ፈቃድ ሥር ይገኛሉ። ፈቃዱ ፎንቱን መጠቀም፣ ማባዛት፣ ማሻሻል፣ ከሶፍትዌር ጋር ማሸግና በሰነድ ውስጥ ማካተት ይፈቅዳል። የሚከለክለው በዋነኛነት ፎንቱን ለብቻው መሸጥና የተሻሻለውን በተጠበቀው ስም መጥራት ነው። ሁለቱም በሊኑክስ ማከማቻዎች ውስጥ በዋናው ክፍል ስለሚገኙ ያለ ተጨማሪ ውል ይጫናሉ፤ በዊንዶውስም ላይ ይሠራሉ። ቅጾቹን ከመነሻው በእነዚህ ፎንቶች የሚያዘጋጅ ተቋም፣ ሰነዱ በማንኛውም ሥርዓት ላይ በተመሳሳይ መልክ የመከፈት ዕድሉን ያሰፋል። ለመሙላት ሳይሆን ለማተም ብቻ የሚወጣ ቅጽ ከሆነም፣ ፎንቱ በውስጡ በተካተተበት ፒዲኤፍ ማቅረብ የገጹን መልክ ይጠብቃል።

ፋይዳና ከክፍት መድረክ ጎን የሚቆሙ አካላት

በርካታ አገልግሎቶች እየተሳሰሩበት ያለው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር ከተማ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሲሆን፣ ፊሊፒንስንና ሞሮኮን ጨምሮ ሌሎች አገሮችም ተጠቅመውበታል። የመድረኩ ምንጭ ኮድ በሞዚላ የሕዝብ ፈቃድ 2.0 ሥር ለማንም ክፍት ነው።

የመድረኩ አሠራር የዚህን ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። ሞሲፕ ምዝገባን፣ የመለያ ቁጥር አሰጣጥንና የማንነት ማረጋገጫን ያስተዳድራል። የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንና የፊት ገጽታን በማነጻጸር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አለመመዝገቡን የሚያጣራው ክፍል ግን የመድረኩ አካል አይደለም። አገሮች ይህን ክፍልና የመመዝገቢያ መሣሪያዎቹን ከልዩ ልዩ አቅራቢዎች ያገኛሉ፤ እነዚህም በአብዛኛው የራሳቸው ዝግ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። መድረኩ ይህን ጥገኝነት የሚያስተናግደው በይፋ በታወቀ የመገናኛ ደንብ ነው። ደንቡን የሚያሟላ ማንኛውም አቅራቢ ሊገጠም ይችላል፤ አንዱ ቢቋረጥ ወይም ዋጋው ቢንር በሌላ የመተካት በር ክፍት ይሆናል።

ይህ ክፍት ምንጭነት ብቻውን የማይፈታው ነገር እንዳለም ያስገነዝባል። የዋናው ኮድ ክፍት መሆን የዜጎች የግል መረጃ ለማንም ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ኮድና መረጃ የተለያዩ ናቸው። መረጃው በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠበቃል። በአንጻሩ ዝግ የሆነው አካል በሌሎች ባለሙያዎች ሊመረመር የሚችልበት መጠን ውስን በመሆኑ፣ ከአቅራቢው ጋር በሚገባ ውል ውስጥ የፍተሻ፣ የጥገናና የመረጃ ርክክብ ግዴታዎች መካተታቸው ወሳኝ ይሆናል። ፈቃድ የሚሰጠው መብት በውል የሚጠበቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ልማዶች

ዊንዶውስንም ሆነ ሌላ ዝግ ሶፍትዌር «ክራክ» በሚባል መንገድ ከፍቶ መጠቀም ከክፍት ምንጭ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የቁልፍ መክፈቻ ፋይሎቹ ማን እንዳዘጋጃቸው ስለማይታወቅ ለቫይረስና ለመረጃ ስርቆት ያጋልጣሉ፤ ድርጊቱም የባለመብቱን ፈቃድ የሚጥስ ነው። ሊኑክስ ተብሎ በፍላሽ የሚሸጥ ዲስክም በውስጡ የባለቤቱን ፈቃድ ያላገኘ ዝግ ፎንት ወይም ፕሮግራም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። በመሠረቱ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን በዲስክ ገልብጦ መሸጥ አይከለከልም፤ የሚከለከለው ያለ ፈቃድ አብሮ የታሸገው ነው። ሸማቹ የገዛው ዕቃ ሕጋዊ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሥርዓቱን ከአዘጋጁ ኦፊሴላዊ ገጽ ማውረድ ወይም የወረደውን ፋይል አዘጋጁ ከሚያወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይችላል።

ሌላው ልማድ ደግሞ በተቋማት በኩል ይታያል። «ክፍት ምንጭ ነው» ተብሎ የተገዛ ሥርዓት ሲፈተሽ፣ ሪፖርት የሚያወጣው ወይም ክፍያ የሚያስተናግደው ክፍል ዝግና በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ያለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፈቃዱ ዘመን ሲያበቃ የሚቆመው ያ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለው አገልግሎት አብሮ ይቆማል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከግዢ በፊት ነው።

ለተገልጋዮችና ለተቋማት የሚጠቅሙ ነጥቦች

ወደ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ለመሸጋገር የሚያስቡ ግለሰቦችና ድርጅቶች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ፦

1. ሥርዓቱን ከመጫን በፊት ያለ መጫን ከፍላሽ በቀጥታ በማስነሣት ዋይፋይ፣ ድምፅና ማተሚያ መሥራታቸውን መፈተሽ፤ የማይሠራ ካለ ፈርምዌር የሚፈልግ መሆኑን ማጣራት።

2. ጠቃሚ ሰነዶችን አስቀድሞ በሌላ ቦታ መገልበጥ፤ በቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች የተዘጋጁ ሰነዶችን ደግሞ ፎንቱ በእጅ ሳለ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ።

3. ክፍት ፈቃድ ያላቸውን የግዕዝ ፎንቶች መጫን፤ ለቢሮ የሚላክ የተጠናቀቀ ሰነድን በፒዲኤፍ ማዘጋጀት።

4. መጫኛው የፈቃድ ውል ሲያሳይ «እስማማለሁ» ከማለት በፊት የምን አካል ፈቃድ እንደሆነ ማንበብ። ውሉ የቀረበው ሶፍትዌሩ ውስጥ ዝግ አካል በመኖሩ ሊሆን ይችላል።

5. ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያገለግል መጫኛ የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች፣ በማሰራጨት የተፈቀደውንና ተጠቃሚው ራሱ ሊያወርደው የሚገባውን ለይተው መያዝ።

አገልግሎት ሰጪ ተቋማት በበኩላቸው በግዢ ወቅት ለአቅራቢው ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦

1. ሥርዓቱ የሚጠቀምባቸው አካላት ዝርዝር ከነፈቃዳቸው በጽሑፍ ቀርቧልን?

2. ከአካላቱ ውስጥ ዝግ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? ፈቃዳቸውስ የሚያበቃው መቼ ነው?

3. ዝግ አካሉ ቢቋረጥ የሚተካው በምንድን ነው? የተከማቸውን መረጃ ክፍት በሆነ ቅርጽ ማውጣት ይቻላልን?

4. ለሕዝብ የሚሰራጩ ቅጾችና ሰነዶች ተገልጋዩ የተለየ ሶፍትዌር ወይም ፎንት ሳይገዛ ሊከፍታቸው ይችላልን?

በተቋም የተሰጠው ቅጽ በኮምፒውተሩ ላይ ተዛብቶ የሚከፈትበት ተገልጋይ፣ ቅጹን በፒዲኤፍ ወይም በወረቀት እንዲሰጠው ተቋሙን መጠየቅ ይችላል። የቅጂ መብትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ያሉት ሰውም ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል።

ከዴቢያን ድምፅ አሰጣጥ፣ ከጃቫ መተካትና ከሞሲፕ የመገናኛ ደንብ የሚገኘው ድምዳሜ ተቀራራቢ ነው። ክፍትና ዝግ አካላት በአንድ ሥርዓት ውስጥ አብረው መኖራቸው ለጊዜው የማይቀር ቢሆንም፣ የትኛው የማን እንደሆነ ተለይቶ ካልታወቀ ጉዳቱ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አገልግሎት ፈልጎ በመጣው ዜጋ ላይ ነው። ልየታው በጥቅሉ ዝግጅት ወቅት ከተከናወነ፣ ዝግ አካል ፈቃዱ ሲያበቃ አገልግሎት ሳይቋረጥ መተካት ይቻላል፤ ባለጉዳዩም የሌላ ወገን ፎንት ወይም ፈቃድ ስለጎደለው ብቻ ከመስኮት አይመለስም።